ያልተሰረዘው ሰማይ

መቀስ ይሏታል። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። ሰዎች ለጥናት የጻፉትን ትቀበልና ስማቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ መሥሪያ ቤታቸውን፣ የልጆቻቸውን ብዛት ሳይቀር ከጽሑፉ እየቆረጠች ታወጣለች። የተረፈውን ማንም ቢያነበው የማን እንደሆነ አያውቅም። በዩኒቨርሲቲው የጥናት ክፍል ሰባት ዓመት ይህንኑ ስትሠራ አንድም ስም አምልጧት አያውቅም፤ ይህንንም አፏን ሞልታ ትናገር ነበር።

የዘንድሮው ጥናት የተነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ሰው ሰማይን ሲያይ የደበቀውን እውነት ለመናገር ይቀለዋል ወይ? ሐሳቡን ያመጡት የሰው ሕሊና እንዴት እንደሚፈርድ ሲያጠኑ ፀጉራቸው የሸበተው ፕሮፌሰሯ ናቸው። የግጥም መምህሩ ደግሞ «ሰው በተራ ወሬ ይዋሻል፣ በግጥም ግን አይዋሽም» ብለው ድርቅ አሉ። ሰማዩን ያቀረበው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሲሆን እሱም የመቀስ ታላቅ ወንድም ነው። በኢንተርኔት ለከተማው ነዋሪዎች አንድ ገጽ ተከፈተ። የገባ ሁሉ የሦስት ደቂቃ የሰማይ ፊልም ያያል፤ ከዚያ ለማንም ነግሮት የማያውቀውን አንድ ጥፋት፣ የዚያን ቀን ሰማዩ ምን ይመስል እንደነበር ጨምሮ፣ በስድስት ስንኝ ይጽፋል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ጻፈ። ከገጹ ግርጌ «የጻፉት እርስዎ መሆንዎን ከእርስዎ በቀር ማንም አያውቅም» የሚል ቃል አለ። ቃሉን የጻፈችው መቀስ ራሷ ናት።

ግጥሞቹ በሙሉ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች እንዲመረምሯቸው፣ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ በአንድ የጥናት መጽሔት ድረ ገጽ ለዓለም ሊለቀቁ ተቀጠረ። ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ስብሰባ ነበር። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በስተምዕራብ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ የማይሠራ ሰዓት። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን ይወለውላሉ፤ የግጥም መምህሩ በኮምፒውተር ማንበብ ስለማይወዱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም አሳትመው ተሸክመው መጥተዋል። ወንድሟ እንደ ልማዱ አርፍዶ ገባ።

«አሥር ሰዓት ላይ የሚለቀቅ ነገር የለም» አለ ገና ሳይቀመጥ። ፊቱ በርቷል። ይህ ሰው መጥፎ ዜና እንኳ ቢሆን በስሌት ያገኘው ከሆነ ደስ ይለዋል።

«ደግሞ ምን ተገኘ?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«ሚጣ ስም ቆርጣለች፣ ሰፈር ቆርጣለች፣ ቀን ቆርጣለች። ሰማዩን ግን ማናችንም አልነካነውም። እንዲያውም ጻፉልን ብለን የለመናቸው እኛ ነን። ሰማይ እኮ ቀንም ነው፣ ሰዓትም ነው።»

ሚጣ የቤት ስሟ ነው። በሰው ፊት እንዳይጠራት ሺህ ጊዜ ብትለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ዛሬ ግን ስሙ አልከነከናትም፤ የከነከናት የሰማዩ ነገር ነው። እንዴት አላሰብኩትም አለች በልቧ። ሦስት ሊቅና አንድ መቀስ ተሰብስበው ዓይናቸውን ወደ ላይ ያላነሱበት ጥናት ቢኖር ይኼ ነው።

ለወንድሟ ሙሉው ግጥም ተሰጥቶት አያውቅም። ደንቡ እንዲህ ነበር፦ የሰማይ ሰው የሰማዩን ስንኝ ብቻ ይወስዳል፤ የጥፋቱን ስንኝ አያይም። ስለዚህ ከየግጥሙ ሁለት ሁለት መስመር ብቻ ነው በእጁ ያለው።

«ምሳሌ ላምጣ» አለ። «ቁጥር ሰማንያ ስምንት።»

የመቀስ እጅ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቀስ ብላ ወደ ጭኗ አወረደችው።

ሰማንያ ስምንት የራሷ ግጥም ነው።

ገጹ ሲከፈት መሥራቱን ለማረጋገጥ መጀመሪያ የገባችው እሷ ነበረች። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ለሙከራ ሀ ሁ ሂ ብሎ ሞልቶ ይወጣል። እሷ ግን ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየችው፤ ከዚያ ምን እንደነካት ሳታውቅ ስድስቱን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ጽፋ ላከችው። ነገ አጠፋዋለሁ አለች። ነገ ነገ ስትል ሌሎቹ ተጨመሩበት፤ ቁጥሩ ተደባለቀ፤ ፋይሉ ተቆለፈ። ከተቆለፈ በኋላ አንድ ፊደል የነካ ሰው ስሙና ምክንያቱ ተመዝግቦ ለሁሉም ይታያል። ይህንንም ደንብ ያወጣችው እሷው ናት።

ግጥሙ ውስጥ ያለው የእናታቸው ነገር ነው። ከአራት ዓመት በፊት እናታቸው ሲሞቱ አጠገባቸው የነበረችው እሷ ብቻ ነበረች። ወንድሟ የፀሐይ ግርዶሽ ሊያጠና ሩቅ አገር ሄዶ ነበር። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቃት፤ እሷም «ምንም አላለችም፤ በእንቅልፏ ሄደች» አለችው። እሱም በዚያ ተጽናንቶ አራት ዓመት ኖረ። እናታቸው ግን ተኝተው አልነበረም፤ ዝምም አላሉም። አባት የለ፣ ሌላ እህት ወንድም የለ፤ በዚህ ምድር ላይ የቀራት ዘመድ እሱ ብቻ ነው። ያንን ውሸት ያወቀ ቀን የእሱና የእሷ ዝምድና ያበቃለታል ብላ ታምናለች።

ወንድሟ ከኪሱ ወረቀትና መርፌ አወጣ። ወረቀቱን በመርፌ ወግቶ መስኮቱ ላይ ሲይዘው ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ብርሃን አረፈች።

«ይቺን ክብ አያችኋት? የቀዳዳው ቅርጽ እንዳይመስላችሁ። ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን ቢሆንም ይቺው ክብ ናት። የፀሐይ ምስል ናት፤ የተገለበጠች። ፀሐይ በጨረቃ ስትሸፈን ደግሞ ክቧ ማጭድ ትሆናለች። አሁን ሰማንያ ስምንትን ስሙ።» ከማስታወሻው አነበበ፦

*በመጋረጃው ቀዳዳ፥ ብርሃን ገብቶ ተሰባብሮ፣*
*ግድግዳው ላይ ማጭድ ሆነ፥ ቀንዱን ወደ በሩ አዙሮ።*

«ቆንጆ ስንኝ ነው» አሉ የግጥም መምህሩ።

«ቆንጆነቱን እርስዎ ይወቁት፤ ለእኔ መታወቂያ ካርድ ነው። መጋረጃው ላይ ቀዳዳ አለ፤ ግድግዳው ላይ ማጭድ አለ። ግርዶሽ ነው። ጻፉ ያልናቸው የዚህ ከተማ ነዋሪዎችን ነው። እዚህ ከተማ ላይ በሃያ ዓመት ውስጥ ፀሐይን ማጭድ እስኪያደርጋት የሸፈናት ግርዶሽ አንድ ብቻ ነው፤ የዛሬ አራት ዓመት። እኔ እንኳ ከዚህ ይልቅ ጨርሶ ወደሚሸፍንበት አገር ስለሄድኩ አላየሁትም።»

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። መቀስ ግን ግጥሞቹ ያሉበትን ኮምፒውተር ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

«ብርሃኑ ያረፈው ወለል ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ነው» ብሎ ቀጠለ። «ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ነበር ማለት ነው። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ። ይኸው፤ ቀኑን ከነሰዓቱ ሰጠኋችሁ።»

«በቃ ገብቶናል፣ ወንድም ጋሼ» አለች መቀስ። «የሰማዩን ስንኝ ከሁሉም ላይ ቆርጬ አወጣለሁ። ሁለት ሰዓት ይበቃኛል።»

«ሰማዩን አውጥተሽው ጥናቱ ምን ይቀረዋል?» አሉ ፕሮፌሰሯ። ወደ ወንድሟ ዞሩ። «ቀኑን ማግኘትና ሰውዬውን ማግኘት ለየቅል ነው፣ ልጄ። በዚያን ቀን በዚህ ከተማ ስንት መጋረጃ ነበር? በጥርጣሬ ብቻ የዓመት ሥራ አላቆምም።»

«ቀሪውን አራት ስንኝ አሳዩኝና አገኘዋለሁ።»

«አይሆንም» አለች መቀስ፤ ከአፏ የወጣው ካሰበችው በላይ ጠንክሮ ነበር። ሁሉም ዞረው አይዋት። «ደንብ አለን። እሱ የጥፋቱን ስንኝ አያይም።»

ወንድሟ ሳቀ። «እሷ እኮ ልጅ ሆና የራሷን ደብተር ከራሷ ትደብቅ ነበር።»

«ደንቡን ለዛሬ አንስቼዋለሁ» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ሰው መገኘት አለመገኘቱን ካላወቅን ደንቡስ ምን ሊረባን። ይነበብ።»

ኮምፒውተሩ በእሷ እጅ ስለነበር ተበላሸ ልትል አሰበች። ይህን እያሰበች ሳለ ግን የግጥም መምህሩ ጣታቸውን በምራቃቸው ነካ አድርገው ወረቀት መግለጥ ጀምረው ነበር። ሰባ ዘጠኝ፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ አራት። ተነስታ ወረቀቱን ከእጃቸው ለመንጠቅ ቃጣት። ነጥቃስ ምን ትላለች? እንደተቀመጠች ቀረች። መምህሩ ገጹን አገኙትና ግጥም በሚነበብበት ድምፅ፣ ሳይቸኩሉ፣ አነበቡ፦

*የምትሄደው ሰው አየችው፥ ለሩቁ ልጅ መልእክት ሰጠች፣*
*የቀረው ልጅ ቃሉን ዋጠ፥ እሷም መልስ ሳትሰማ ሄደች።*
*ስልኩ በእጄ ሞቆ ነበር፥ ቁጥሩንም በቃል አውቃለሁ፣*
*«ምንም አላለችም» ብዬ፥ እስከ ዛሬ እዋሻለሁ።*

ወንድሟ ወረቀቱን እንደያዘ ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ሲሰማ እርሳሱን አንስቶ ነበር፤ እንቆቅልሽ ሊፈታ እንደተዘጋጀ። ሁለተኛው ላይ እርሳሱ ቆመ። የመጨረሻው ስንኝ ሲነበብ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ክብ ብርሃን መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ያኔ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ቀና ብሎ እህቱን አላያትም። ወደ መስኮቱ ነው ያየው።

ምሥራቅ የሚመለከተውን የእናታቸውን መኝታ ቤት ያውቀዋል። መጋረጃው የት ቦታ እንደተቀደደ ያውቀዋል። እናቱ በስንት ሰዓት እንዳረፉ ያውቀዋል። «ምንም አላለችም» የሚለውን ቃል ደግሞ ከማን አፍ እንደሰማው ያውቃል።

«እንግዲህ የሞተ ሰው አለ» አሉ ፕሮፌሰሯ ሐሳባቸው ውስጥ ገብተው። «የዚያን ቀን፣ በዚያ ሰዓት። የሞት ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ሁለት ልጆች፤ አንዱ ሩቅ የነበረ። ይገኛል ትላለህ?»

ወንድሟ ማስታወሻውን ዘጋ።

«አይገኝም» አለ። «ተሳስቻለሁ።»

«ምኑን?»

«የዚያን ቀን እዚህ ደመና ነበር። አሁን ነው ትዝ ያለኝ። የዚህ ከተማ ሰው ማጭዱን ሊያየው አይችልም። ሰማንያ ስምንት ያላየውን ነው የጻፈው፤ ፈጠራ ነው። ያየውን ጻፈ ወይስ ፈጠረ የሚለውን መለየት ካልተቻለ ደግሞ ስሌቱ አይሠራም። የሌሎቹም እንደዚያው። ልቀቁት።»

መቀስ ጆሮዋን አላመነችም። ይህ ሰው የቁጥር ነገር ሲሆን ለእናቱም አያዳላም፤ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ለማለት ሦስት ሰዓት ያለ ሰው ቢያጋጥመው ያርማል። አሁን ግን በሰው ፊት፣ በሥራው ላይ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ። ለማን ሲል እንደዋሸ ገባት።

«እፎይ» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ገደልከን እኮ። በል መቀስ፣ አንቺ አዘጋጂው። አሥር ሰዓት ላይ ትለቂዋለሽ።»

ዳነች ማለት ነው። ያኔ በዚያ ቦታ ተነስታ መሄድ ትችል ነበር። ወንድሟም የሚያውቀውን በሆዱ ይዞ፣ እሷም በሆዷ ይዛ፣ እንደተኳረፈ ዘመድ በሩቁ ሰላም ሲባባሉ ይኖሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ደቂቃ ያህል ይህን ተመኘችው።

ነገር ግን ቁጥር መቶ አርባ አለ። መቶ አርባ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ጎሕ ሲቀድ ቀጭኗ ጨረቃ ሥር አንዲት ደማቅ ኮከብ ተጠግታ ሳለች የመጋዘኑን በር ለሌቦች መክፈቱን፣ በእሱ ፈንታም የሥራ ባልደረባው መታሰሩን ጽፏል። ሌቦቹ ዛሬም ጎረቤቶቹ ናቸው፤ አፉን የከፈተ ቀን እንደሚገድሉት ነግረውታል። ስሙንና የመጋዘኑን ስም ቆርጣ ያወጣችው እሷ ናት። ጨረቃዋንና ኮከቧን ግን እንዳሉ ትታቸዋለች። ወንድሟ ዛሬ ያደረገውን ነገ ሌላ ሰው ያደርገዋል፤ ያ ሰው ደግሞ ለመቶ አርባ ሲል አይዋሽለትም። ከእርስዎ በቀር ማንም አያውቅም ብላ የጻፈችለት እሷ ናት።

«ደመና አልነበረም» አለች።

ፕሮፌሰሯ ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«የዚያን ቀን ደመና አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ስሌቱ ልክ ነው።»

«ተይ» አለ ወንድሟ በቀስታ። ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። «ሚጣ፣ ተይ።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«ማጭዱን ግድግዳው ላይ አይቼዋለሁ። ሰማንያ ስምንትን የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ዓይኗን ከፕሮፌሰሯ ላይ አልነቀለችም። «ለሙከራ ገብቼ ጻፍኩት፤ ከዚያ ሳላጠፋው ቀረሁ። ሰው መገኘት አለመገኘቱን ልታውቁ ነበር የፈለጋችሁት። ይኸው ተገኘሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ በስድስት ስንኝና በአንድ መርፌ። ሥራዬ ሰውን መደበቅ ሆኖ እኔ ከተገኘሁ ሌላው እንዴት ሊተርፍ ነው? ዛሬ ምንም ነገር አለቅም። ማባረር ከፈለጋችሁ አባሩኝ።»

የግጥም መምህሩ የያዙትን ወረቀት ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ገልብጠው አስቀመጡት። ፕሮፌሰሯ አፋቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ፤ ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ወደ መጽሔቱ አዘጋጅ ደወሉና «ዛሬ አይወጣም» አሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ «የእኛ ስህተት ነው፤ ሰማዩን ረስተነው» ብለው ዘጉት። ወንድሟ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ።

ደረጃው ላይ ደረሰችበት። የሕንፃው ደረጃ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው፤ ከላይ ፎቅ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። የብረቱን መደገፊያ ጨብጦ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል።

«ምን ነበር ያለችው?» አላት ሳይዞር።

አራት ዓመት የዋጠችውን ቃል ለማውጣት ትንፋሽ መሰብሰብ ነበረባት።

«ግድግዳው ላይ ያለውን ብርሃን አየችና ‹ዛሬ ነው እንዴ?› አለችኝ። አዎ ዛሬ ነው አልኳት። ‹እንግዲያው ደውይለት። ፀሐይዋን በባዶ ዓይኑ እንዳያያት ንገሪልኝ› አለች።»

«ከዚያስ?»

«ሌላ የለም። ይኸው ነው።»

ትከሻው ተነቃነቀ። ይሳቅ ያልቅስ ከኋላ ሆና መለየት አልቻለችም። ሃያ ዓመት ፀሐይን በመሣሪያ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው።

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ስለተናደድኩ።» ይህን ለማሳመር አልሞከረችም። «ስድስት ወር አጥቤያታለሁ፣ አገላብጫታለሁ፣ አጉርሻታለሁ። አንድ ቀን እንኳ አንቺስ በላሽ ወይ አላለችኝም። የመጨረሻ ትንፋሿንም ለአንተ ዓይን አወጣችው። ቆሽቴ አረረ። ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ይብረድልኝና እደውላለሁ ስል፣ እሷ አልጠበቀችኝም።»

ከላይ ፎቅ የሚጎተተው ወንበር ቆመ። ሲሰድባት፣ ሲጮህባት፣ ሲመታትም ጭምር ለመቀበል ተዘጋጅታ ቆማ ነበር።

«እሷ እንዳለችው በይልኝ» አለ።

«ነገርኩህ እኮ።»

«የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። እሷ ለእኔ ብትነግረኝ እንዴት እንደምትል አድርገሽ በይልኝ።»

መቀስ ዓይኗን ጨፈነች። የእናቷን ድምፅ፣ ያንን ቁጣና ልመና አንድ ላይ የነበረውን ድምፅ፣ ከጉሮሮዋ ፈለገችው።

«አንተ ልጅ» አለች። «ፀሐይዋን በባዶ ዓይንህ እንዳታያት። ሰምተሃል?»

«እሺ፣ እማዬ» አለ ወንድሟ፤ እህቱን ሳያያትም ደረጃውን ወረደ።